የጋሽ አስናቀ ምስክርነት

ጋሽ አስናቀ ማረፋቸውን የነገረኝ አንድ የፍላቂት ሚኒባስ ሹፌር ነው። ላሊበላ መናኸሪያ አጠገብ ቆሜ ከወልድያ ይመጣሉ የተባሉ ሁለት እንግዶች ስጠብቅ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ "ምስጋናው፣ ያንተ መምህር አርፈዋል" አለኝ። ሞተሩን እንኳ አላጠፋም። ጋሽ አስናቀ ፍላቂት የሄዱት ለመምህራን ሥልጠና ሊሰጡ ነበር። ሁለት ቀን አስተምረው በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሳይነሡ ቀሩ። የሆቴሉ ሰዎች በሩን ሲከፍቱት ጫማቸውን አድርገው፣ ኮታቸውን ለብሰው፣ አልጋው ላይ ጋደም እንዳሉ አገኟቸው።

"ሊወጡ ሲሉ ትንሽ ልረፍ ያሉ ነው የሚመስሉት" አለኝ ሹፌሩ።

እንግዶቹ መጡ፤ ሻንጣቸውን ተቀበልኩ፤ ሆቴላቸው አደረስኳቸው። ምን እንዳወራኋቸው ግን እስካሁን አላስታውስም።

እኔ አስጎብኚ ነኝ። ጋሽ አስናቀን የተዋወቅኳቸው ጦርነቱም በሽታውም ሳይመጣ፣ ላሊበላ በእንግዳ ትጨናነቅ በነበረበት ጊዜ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የዲፕሎማትና የባለሀብት ልጆች በሚማሩበት አንድ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት ያስተምሩ ነበር። ትምህርቱን ሂዩማኒቲስ ይሉታል፤ ታሪኩም፣ ጂኦግራፊውም፣ የዜግነቱም ነገር በአንድ ላይ የሚሰጥበት ነው። አንድ ጊዜ የቤተ ማርያም ቄስ፣ "ለመሆኑ የምታስተምረው ምንድን ነው?" ብለው ቢጠይቋቸው፣ "የሰው ነገር ነው አባ" ብለው መለሱ። ቄሱ ጥቂት አሰቡና፣ "እሱማ አያልቅም" አሏቸው።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲራመዱ ወደ ፊት ዘንበል የሚሉ ሰው ነበሩ። በየዓመቱ ኅዳር ላይ ሃያ የሚሆኑ ተማሪዎች ይዘው ይመጣሉ። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ተቀይሜባቸው ነበር። ቤተ ጊዮርጊስ አፋፉ ላይ ቆሜ፣ ሰው ቀን ሲሠራ መላእክት ሌሊት እየተኩ ሕንፃው እንዴት እንዳለቀ፣ አባቴ እንደነገረኝ አድርጌ በእንግሊዝኛ እያሳመርኩ እተርካለሁ። ጨረስኩ። ጋሽ አስናቀ ዝም ብለው በጣታቸው ጆሯቸውን ነኩ፤ ቀጥለው ከዓይናቸው ሥር ነኩ። ተማሪዎቹ ምልክቱን ያውቁት ኖሮ አንዱ ወዲያው እጁን አነሣና፣ "ይህን አይተኸዋል ወይስ ሰምተኸው ነው?" አለኝ።

ደሜ ፈላ። እምነቴን በልጆች ፊት ያስናቁብኝ መሰለኝ። ከሰዓት በኋላ ለብቻ አገኘኋቸውና ተናገርኳቸው። አዳምጠው ሲጨርሱ፣ "እኔም የዚሁ አገር ሰው ነኝ፤ የብልባላ ልጅ" አሉኝ። አላውቅም ነበር። "እምነትህን አልነካሁም ምስጋናው። ያየኸውን አየሁ በል፤ የሰማኸውን ሰማሁ በል። የሰማኸው ካየኸው ያነሰ ነው አላልኩም። ሁለቱን ያቀላቀለ ሰው ግን የሰው ቤት ያፈርሳል።"

የመጨረሻዋን ቃል ሲናገሩ ፊታቸው ተለወጠ። ያኔ የመምህር ቁጣ አድርጌ ወሰድኩት።

ከዚያ ወዲህ ወዳጆች ሆንን። ተማሪዎቻቸው ስለ እሳቸው ብዙ ያወሩኝ ነበር። ዓመቱ ሲጀመር የሚሰጡት የመጀመሪያ ሥራ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው አሉኝ፦ "ማንም ሳይነግራችሁ፣ ራሳችሁ የምታውቁትን አንድ ነገር ጻፉ።" ልጆቹ እስክሪብቷቸውን እያኘኩ አንድ ሰዓት ይቀመጣሉ። መሬት ክብ ናት ያለ ይወድቃል፤ ማን ነገረህ ይባላል። አንዲት ልጅ፣ "እናቴ በር ስትዘጋ ድምፁን ሰምቼ ተቆጥታ እንደሆነ አውቃለሁ" ብላ ጽፋ ሙሉ ውጤት አገኘች። ሌላም የሚደጋግሙት ነገር ነበራቸው፦ "ሁሉም ሰው የተስማማበትን ነገር አስቀድማችሁ ጠርጥሩ። ሰው ሲደክመው ይስማማል።"

የጉብኝቱ የመጨረሻ ቀን ሁልጊዜ ገነተ ማርያም ነበር። ቤተ ክርስቲያኑን ካዩ በኋላ ልጆቹን ወደ አንዲት መነኩሲት ጎጆ እንድወስዳቸው ያደርጋሉ። እማሆይ አትጠገብ ይባላሉ። ጋሽ አስናቀ ብርድ ልብስና ስኳር ይዘውላቸው ይመጣሉ፤ እሳቸውም "መምህር" እያሉ ይመርቋቸዋል። ከዚያ እማሆይ ታሪካቸውን ለልጆቹ ይናገራሉ፤ የማስተረጉመው እኔ ነኝ። ጋሽ አስናቀ ከእኔ የተሻለ እንግሊዝኛ እያላቸው ለምን እኔ እንደማስተረጉም ገርሞኝ ነበር። እማሆይ መናገር ሲጀምሩ እሳቸው ወደ ውጭ ይወጡና ጀርባቸውን ሰጥተው አጥሩ ጋ ይቆማሉ።

ታሪኩ ይህ ነው። እማሆይ በወጣትነታቸው ከብልባላ ወዲያ ባለች መንደር ባል አግብተው፣ ሴት ልጅ ወልደው ይኖሩ ነበር። ባላቸው ጥጋቡ ይባላል። አንድ ዓመት ታኅሣሥ ላይ የመንደሩ ቤተ ክርስቲያን የብር መስቀል ጠፋ። አገሩ አውጫጭኝ ተቀመጠ፤ ሌባው እስኪታወቅ ወንድ ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ወደ ሥራው አይሄድም። እህሉ አውድማ ላይ ነው፤ ሰማዩ ጠቁሯል። በሦስተኛው ቀን አንድ የቄስ ተማሪ ሕፃን ተነሥቶ፣ "ጥጋቡ ከዕቃ ቤቱ ሲወጣ አይቻለሁ" ብሎ መሰከረ። ጥጋቡም በአፉ አመነ ተባለ። ተወግዞ፣ ሚስትና ልጁን ይዞ ከአገር ወጣ። ቤተሰቡን ገነተ ማርያም ዘመድ ዘንድ አስቀምጦ ቆላ ለቀን ሥራ ወረደ፤ እዚያው ወባ ገደለው። መቃብሩ አይታወቅም። ውጉዝ ነውና ፍትሐትም አልተፈታለትም። መስቀሉ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ይህንን ሦስት ዓመት አስተረጎምኩ። በአራተኛው ዓመት ከኬንያ የመጣች አንዲት ተማሪ ጠየቀች።

"ያ የመሰከረው ልጅ አሁን የት ነው?"

አስተረጎምኩ። እማሆይ መቁጠሪያቸውን አቆሙ።

"እኔ ምን አውቄ ልጄ። ስሙንም አላውቀው፤ የዚያ የመንደሩ ባለ ርስት የወንድሙ ልጅ ነው ያሉኝ። ባገኘው ግን አንድ ነገር እጠይቀው ነበር።"

"ምን ብለው ይጠይቁታል?"

"ባሌ ምን አለ? ሴት አውጫጭኝ አትቀመጥም፤ እኔ አልነበርኩ። የተመለሰው ሁሉ 'እኔ ነኝ ብሏል' አለኝ። ጥጋቡን ብጠይቀው አንገቱን ደፍቶ ዝም፤ ያችን ቃል ሳይነግረኝ ሄደ። ያ ልጅ ግን ፊት ለፊቱ ነበር የቆመው። በምን አፉ ነው 'እኔ ነኝ' ያለው? ይህን ሳልሰማ መሞት ነው የምፈራው።"

አስተርጉሜ ቀና ስል ጋሽ አስናቀ በሩ ላይ ቆመዋል። ከንፈራቸው አመድ መስሏል። "በቃ፣ እንሂድ" ብቻ አሉ። እማሆይ ምርቃት ሲጀምሩ እንኳ አልጠበቁም።

ያን ዕለት ፀሐይ ስትጠልቅ ሆቴሉ በረንዳ ላይ አስቀምጠው ነገሩኝ።

"ልጁ እኔ ነኝ።"

አሥር ዓመታቸው ነበር። አጎታቸው በመንደሩ የተከበሩ ባለ ርስት ናቸው፤ እህላቸው አውድማ ላይ ዝናብ ሊመታው ነው። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ልጁን ወደ ቁጥቋጦ ወስደው፣ "አንተ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ አይደል የምታድረው? ጥጋቡን አይተኸዋል፤ አላየኸውም? አይተኸዋል" አሉት። ልጁ ምንም አላየም። እንቅልፍና ረኀብ ብቻ ነበር የሚሰማው። አየሁ አለ።

"ከዚያ አጎቴ ላሊበላ አምጥተው ዘመናዊ ትምህርት ቤት አስገቡኝ" አሉኝ። "ሽልማቴ መሆኑ ነው። ወልድያ ተማርኩ፣ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፣ ውጭ አገር አስተማርኩ። ፊደል በቆጠርኩ ቁጥር በዚያ ሰው ጀርባ ላይ ነው የቆምኩት። ሚስቱ ገነተ ማርያም መኖሯን ያወቅኩት ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ልናገር ብዬ መጣሁ፤ አቃተኝ። ተማሪዎቼን አመጣሁ። እነሱ ከሰሙት ግማሹን የተናገርኩ እየመሰለኝ ስኖር ይኸው።"

"ታዲያ ሰውየው ምን አለ?" አልኳቸው።

"ለእሷ ሳልናገር ለአንተ አልናገርም። ለከርሞ እነግራታለሁ።"

ከርሞ አልመጡም። በሽታው መጣ፤ ድንበሩም ትምህርት ቤቱም ተዘጋ። እሱ አለፈ ሲባል ጦርነቱ ደረሰ። ያኔ እኛ ላሊበላ ውስጥ የነበርነው ስልክ የለን፣ መብራት የለን፤ ማን እንዳለ ማን እንደሞተ በሰው አፍ ብቻ ነበር የምንሰማው። በኋላ እንደነገሩኝ ጋሽ አስናቀ በዚያ ሁሉ ጊዜ በየቀኑ ስልኬን ይሞክሩ ነበር። መስመሩ የተከፈተ ዕለት ደወሉ። ደኅና ነህ ወይ እንኳ ሳይሉኝ፣ "አለች?" አሉኝ።

"አሉ" አልኳቸው።

ጡረታ ወጥተው ብቻቸውን መጡ። ወደ ገነተ ማርያም ወሰድኳቸው። ቅዳሴ ወጥቶ ነበርና ሰዉ ገና አልተበተነም፤ ቄሶቹ ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል፤ ሴቶች በእማሆይ ደጃፍ ያልፋሉ። እማሆይ በጣም አርጅተዋል። ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ጋሽ አስናቀ ፊታቸው ተንበረከኩና ቀስ ብለው ተናገሩ።

"እማሆይ፣ ያ ልጅ እኔ ነኝ።"

"እ?"

"ያ ልጅ እኔ ነኝ።"

"ጆሮዬ ተደፍኗል ልጄ። በዚያ ጊዜ ነው የተደፈነ፣ በተኩሱ። ጮኽ በል።"

ጋሽ አስናቀ ዞረው አዩኝ። ልናገርላቸው ወደ እማሆይ ጎንበስ ስል በእጃቸው ከለከሉኝ። ከዚያ ያ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሰምቼው የማላውቀው ሰው ጮኸ።

"በጥጋቡ ላይ በሐሰት የመሰከርኩት ልጅ እኔ ነኝ! ምንም አላየሁም! አላየሁም ነበር!"

ዛፉ ሥር ወሬው ቆመ። የሚያልፉት ሴቶች ቆሙ። እማሆይ ሰምተዋል። አልጮኹም፣ አልተራገሙም።

"ምን አለ?" አሉ።

"ሽማግሌዎቹ አላመኑኝም! ይማል ተባለ! ወንጌሉ መጣ! እጄን ላነሣ ስል ጥጋቡ ቆመ! 'ልጁን አታስምሉት' አለ! 'በሐሰት ምሎ ነፍሱ አትጥፋ። እኔ ነኝ በሉና ጨርሱት' አለ!"

"ድገመው።"

ደገሙት። እንደገና ድገመው አሉ። በሦስተኛው ድምፃቸው ተሰነጣጥቆ ነበር።

"'እኔ ነኝ በሉ' ነው ያለው? 'እኔ ነኝ' አላለም?"

"'በሉ' ነው ያለ! ሰው 'እኔ ነኝ' የምትለዋን ሰማና ብድግ ብሎ ወደ አውድማው ሄደ! ከዚያ ጥጋቡ እኔን አየኝና 'አይዞህ' አለኝ!"

እማሆይ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። ከነጠላው ሥር የመጣው ድምፅ የተረጋጋ ነበር።

"አንዳንድ ቀን፣ ሰርቆ ይሆን እንዴ እል ነበር። ልጄም ጠይቃኝ አላውቅም ብያት ሞተች። አንተ ከቤቱ አስወጣኸው፤ እኔ ደግሞ ከልቤ አስወጣሁት።" ነጠላቸውን ገለጡ። "አሁን ሂድ።"

"እማሆይ፣ ይቅር በ..."

"ሂድ ብዬሃለሁ።"

ጋሽ አስናቀ ወደ አዲስ አበባ አልተመለሱም። ሚስታቸው ቀደም ብለው ሞተዋል፤ አንድ ልጃቸው ውጭ አገር ናት። ላሊበላ ቤት ተከራይተው በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ያለ ደመወዝ ማስተማር ጀመሩ። ግድግዳው በተኩስ በተበሳሳ ክፍል ውስጥ ሰባ ልጅ አስቀምጠው፣ "በጦርነቱ ጊዜ ራሳችሁ ያያችሁትን ጻፉ፤ የሰማችሁትን በሌላ ገጽ ጻፉ" ሲሏቸው አይቻለሁ። የመጀመሪያው ገጽ አጭር ነበር። አንዳንዱ ልጅ ጽፎ ሲጨርስ ወረቀቱን አጣጥፎ ይደብቀዋል፤ እሳቸውም አምጣ አይሉትም።

በየእሑዱ ገነተ ማርያም ይሄዳሉ። እማሆይ አያስገቧቸውም፤ አያባርሯቸውምም። አጥሩ ጋ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይውሉና ይመለሳሉ። "ምን አሉዎት?" ስላቸው፣ "ምንም" ይሉኛል። አንድ እሑድ ብቻ፣ እማሆይ በጎረቤት ልጅ እጅ በጣሳ ውኃ ላኩላቸው። ያን ዕለት ማታ ራት አልበሉም። ከዚያ ሁለት ሳምንት አልሞላም፤ ፍላቂት ሄዱ።

የቀበርናቸው በተወለዱባት መንደር ነው። በማግስቱ ገነተ ማርያም ሄጄ ለእማሆይ ነገርኳቸው፤ ያው እየጮህኩ። መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ ቆዩና፣ "የት አረፈ?" አሉኝ። ነገርኳቸው።

"አርባው ዕለት ውሰደኝ" አሉ።

ከሃምሳ ዓመት በላይ ወደዚያች መንደር አልተመለሱም ነበር። እስከ ብልባላ በመኪና፣ ከዚያ ወዲያ በበቅሎ ወሰድኳቸው። ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ሰው ተሰብስቧል። እማሆይ ከበቅሎ ወርደው ሳይቀመጡ ወደ ቄሱ ሄዱ።

"አባ፣ ከመምህሩ ስም ጋር የባሌንም ስም ጥሩልኝ። ወልደ ጊዮርጊስ ነው። ሰው የሚያውቀው ጥጋቡ ብሎ ነው።"

ቄሱ ወጣት ናቸው፤ ታሪኩን ግን ሰምተዋል። ተጨነቁ። "እማሆይ፣ ያ ሰው በአፉ አምኖ ተወግዟል ነው የሚባለው።"

"አላመነም። 'ልጁን አታስምሉት፣ እኔ ነኝ በሉና ጨርሱት' ነው ያለው።"

"ምስክርዎ ማን ነው?"

እማሆይ በመቋሚያቸው አዲሱን መቃብር አሳዩ። "ምስክሬ እሱ ነው።"

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ያኔ ከግንቡ ሥር፣ ከሽማግሌዎቹ መካከል፣ በሁለት ሰው ተደግፈው አንድ አዛውንት ተነሡ። አባ መንገሻ ይባላሉ፤ በመንደሩ ከእሳቸው የሚበልጥ ሽማግሌ የለም።

"እኔም ነበርኩ" አሉ። "አጠገቡ ነበር የተቀመጥኩ። እንዳለችው ነው ያለ። ሰምቼዋለሁ።"

እማሆይ ወደ እኔ ዞሩ። "ምን ይላል?"

ጆሯቸው ሥር ጎንበስ ብዬ፣ "ሰምቼዋለሁ ነው የሚሉት!" አልኩ።

እማሆይ አዛውንቱን አዩዋቸው። "ያን ሁሉ ዘመን?"

አባ መንገሻ ደጋፊዎቻቸውን ገፋ አደረጉና ጎንበስ አሉ፤ መሬት ለመሬት ዳብሰው የቡጢ ያህል ድንጋይ አነሡ፤ በዚያ ዕድሜ ከዚያ የሚበልጥ አይችሉም። አንገታቸው ላይ አድርገው በሁለት እጃቸው ይዘው እማሆይ ፊት አጎንብሰው ቆሙ። በአገራችን በደለኛ ድንጋይ ተሸክሞ ሲቆም የተበደለው "አውርድ፣ ይቅር ለእግዜር" ይለዋል። ሰዉ ሁሉ ያንን ቃል ጠበቀ።

እማሆይ አላሉትም። ወደ ቄሱ ዞረው፣ "አስቀድሞ ስሙ ይጠራ" አሉ።

ቄሱ ጸሎቱን ጀመሩ። ሁለቱን ስም አከታትለው ጠሩ። አዛውንቱ ያንን ሁሉ ጊዜ ከነድንጋያቸው ቆመዋል፤ ሊደግፋቸው የተጠጋውን በክርናቸው መለሱት። ጸሎቱ ሲያልቅ እማሆይ ቀረቡና ድንጋዩን በገዛ እጃቸው ከአዛውንቱ አንገት ላይ አነሡት። ወስደው ጋሽ አስናቀ መቃብር ራስጌ አስቀመጡት። ያንን የይቅርታ ቃል ግን አላሉም። መቋሚያቸውን ይዘው ወደ በቅሎዋ ሄዱ።

ደግፌ ላወጣቸው ስል ወደ ኋላ ዞር ብዬ አየሁ። አባ መንገሻ ድንጋዩ ከወረደላቸው በኋላም ቀና አላሉም።